ሣጥኑ ይናገራል፣ መምህሩ ያዳምጣል፦ የ60 ዓመት የትምህርት ቴክኖሎጂያችን ታሪክ

በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው ዛሬ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ያ ትውልድ አንድ የጋራ ትዝታ አለው፤ ፕላዝማ። በብረት ሣጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማንንም ሳይጠይቅ የሚጀምር ትምህርት፤ ጥያቄ ጠይቆ እርሳስ ሳናነሣ መልሱን የሚነግረን ድምፅ። እኔም የዚያ ትውልድ ሰው ነኝ።

ስለ ፕላዝማ ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ስለ እንግሊዝኛው እና ስለ ፍጥነቱ ነው። ዛሬ ላነሣ የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ መምህሩ የት ነበር? ክፍል ውስጥ ነበር። ጥግ ይዞ ቆሞ ከእኛው ጋር ያዳምጥ ነበር። በዚያው ደቂቃ በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፊዚክስ መምህራን በየክፍላቸው ጥግ ቆመው ያንኑ ትምህርት ያዳምጣሉ። ሳተላይቱ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ላይ አስሯቸዋል። እርስ በርሳቸው ግን አንዲት ቃል አይለዋወጡም።

ይህ የአንድ ፕሮጀክት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ወደ ኋላ ሄዶ ለሚያይ ሰው ግን የ60 ዓመት ልማድ ነው። መንግሥታት ተቀያይረዋል። መሣሪያውም ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ሳተላይት፣ ከሳተላይት ወደ ታብሌት ተቀይሯል። ያልተቀየረው የመስመሩ አቅጣጫ ነው፤ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች። መምህርን ከመምህር የሚያገናኝ መስመር ታስቦበት የተዘረጋበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። መምህራን ራሳቸው ሲዘረጉት ደግሞ ተቆርጦባቸዋል።

እስቲ ታሪኩን በቅደም ተከተል እንየው።

▪️ ከመሣሪያው በፊት የነበረው መረብ

መምህራንን ማገናኘት ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ሐሳብ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቱን አስቡ። ቅኔ የፈለገ ተማሪ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ጎንጅ ይሄዳል። ድጓ የሚያስመሰክር ጋይንት ቤተ ልሔም ይወርዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሚሻ ጎንደር ይገባል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከየኔታ ወደ የኔታ ሲዞር፣ የአንዱን መምህር ዜማ እና ስልት ለሌላው የሚያደርሰው እሱ ነበር። "የማን ተማሪ ነህ?" የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ያለፈ ነው። ጠያቂው የኔታ የሌላውን የኔታ ሥራ በተማሪው አፍ ይመረምርበታል።

ይህ መረብ ጉድለት ነበረው። ዝግ ነበር፤ ሴቶችን አብዝቶ ከደጅ ያስቀራል፤ ዕውቀቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ሆኖም አንድ ነገር በሚገባ ያውቅ ነበር። መምህር ከሌላ መምህር ካልተፈተሸ ትምህርቱ እንደሚደርቅ ያውቅ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን አልወረሰም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ትምህርት ቤቶቻችን ለብዙ ዓመታት ከተለያየ አገር በመጡ መምህራን ላይ ቆመዋል። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ብቻ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተመደቡ። ጥቅማቸው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ያህል አስተምረው የሚሄዱ ነበሩ። ልምዳቸው ከጓዛቸው ጋር አብሮ ይሄዳል።

▪️ አንድ ጎበዝ መምህር፣ ሺህ ክፍል

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥርጭቱን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው በ1950ዎቹ ውስጥ፣ ለትምህርት ቤቶች የሚተላለፉ የቴሌቪዥን እና የሬዲዮ ፕሮግራሞች ተጀመሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ተማሪው በፍጥነት እየበዛ ነው፣ የሠለጠነ መምህር ግን የለም። እንግዲህ አንድ ጎበዝ መምህር ስቱዲዮ ውስጥ ቢቆም ድምፁ ሺህ ክፍል ይደርሳል።

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ዓለም በሙሉ በዚህ ሐሳብ ተይዞ ነበር። በአፍሪካ ትልቁን ሙከራ ያደረገችው አይቮሪ ኮስት ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን በቴሌቪዥን ላይ አቆመችው። ወላጆች አጉረመረሙ፣ መምህራን ተቃወሙ። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ፕሮግራሙ ቀረ። ቴሌቪዥኑ መልካም ያስተምር ይሆናል፤ ከክፍሉ ባለቤት ጋር ግን መስማማት አልቻለም።

በእኛ አገር በዚያው ዘመን መምህራንን ያገናኘው ሌላ ነገር ነው፤ ማኅበራቸው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። ኃይሉ በደንብ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነበር። መንግሥት "የትምህርት ሴክተር ሪቪው" የሚባል ሰፊ የለውጥ ዕቅድ አዘጋጅቶ ነበር። መምህሩ ሳይመከርበት የተዘጋጀው ይህ ዕቅድ ብዙኃኑን የድሃ ልጅ በመሠረታዊ ትምህርት ላይ ያስቀረዋል የሚል ሥጋት አስነሣ። የደመወዙ ጥያቄም ተጨመረበት። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ቆሙ። ሴክተር ሪቪው ታጠፈ። የቀረውን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ከየካቲት የወሰዱት ትምህርት አንድ ዓይነት ይመስላል። መምህር ብቻውን ሲሆን ሠራተኛ ነው፣ ሲገናኝ ኃይል ነው።

ደርግ መምህሩን አሰማራው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል፤ የሚገባው ነበር። ብዙ እናቶቻችን ፊርማቸውን የተማሩት በዚያ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ መምህሩ ዘማች ነበር፤ ስለ ሙያው በነፃነት የሚመካከር ሰው አልነበረም።

በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ለዓመታት ታሰሩ። ሌላው የማኅበሩ ከፍተኛ አመራር አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣውን ሣጥን ያለዚህ መረዳት ስለማይቻል ነው።

▪️ ሣጥኑ ሲመጣ

በ1997 ዓ.ም. መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሳተላይት ማሠራጨት ጀመረ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መላ አገሪቱ ተላለፈ። በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተገዙ፣ በየትምህርት ቤቱ ዲሽ ተተከለ። ከአንዱ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ሥርጭቱ ነው። ለመምህሩ የሚቀሩለት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

ለፍርድ እንዳንቸኩል። ቤተ ሙከራ የሚባል አይቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ የኬሚካል ውህደት ሲካሄድ በዓይኑ ያየው በዚያ ሣጥን ነው። መምህር በጠፋበት ወረዳ ቢያንስ አንድ የሚያስረዳ ድምፅ ነበር። በአዲስ አበባ ያለውና በጋምቤላ ያለው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት ማግኘቱ የፍትሕ ሐሳብ ነበረበት።

ችግሩ ሣጥኑ የማይሰማ መሆኑ ነበር። መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም። "ይህቺን ይድገሙልን" የሚለው ተማሪ መልስ የለውም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አልፏል። ከሁሉ የከፋው ግን ከመምህሩ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር አለመኖሩ ነው። ባሕር ዳር ያለች የሒሳብ መምህርት "ይህ ምሳሌ ለተማሪዎቼ ከብዷል፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ብነግራቸው ገባቸው" ብትል፣ ያን የሚሰማ ስቱዲዮ የለም። ጅማ ያለው ባልደረባዋም አይሰማትም። በዚያው ዓመታት ወረዳኔት የሚባለው መረብ ባለሥልጣናትን በቪዲዮ ስብሰባ ያገናኝ ነበር። ለካድሬና ለኃላፊ ሁለት አቅጣጫ ያለው መስመር ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው። ለመምህሩ የተሰጠው የአንድ አቅጣጫ መስመር ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? መምህሩ በራሱ ክፍል ውስጥ የሣጥን ጠባቂ ሆነ። ተማሪው ደግሞ ይህን ወዲያው ገባው፤ ልጅ ሥልጣን የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ዛሬ ብዙዎቹ ሣጥኖች ጠፍተዋል፣ ተሰብረዋል ወይም አቧራ ለብሰዋል። መምህሩ ላይ የወረደው ንቀት ግን ከሣጥኑ ጋር አልወረደም።

▪️ መምህር የሌለበት ሕልም

ከፕላዝማ በኋላ የመጣው ሕልም ደግሞ ከዚያም አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2012 "ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ" የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪ እና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤት በሌላቸው መንደሮች ታብሌቶችን ከነፀሐይ ኃይል መሙያቸው አደለ። መምህር አልተመደበም፤ ሙከራውም ይኸው ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን በደቂቃዎች አብርተውታል፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን ይዘምሩ ነበር፣ በወራት ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተውታል።

ዜናው ዓለምን ዞረ። የእኛ ልጆች ብልህ መሆናቸው ግን ዜና አይደለም። ዜናው "መምህር አያስፈልግም" የሚለው መልእክት ነበር። ፕላዝማ መምህሩን ጥግ አስይዞት ነበር፣ ታብሌቱ ከክፍሉ አስወጣው። ወንጪና ወለንጪቲ የሚሉትን ስሞች የዓለም ጋዜጦች ለጥቂት ሳምንታት ጻፏቸው፣ ከዚያ ተረሱ።

▪️ ድምፅ ሳያሰማ የሠራው

በዚህ ሁሉ መካከል መምህርን ከመምህር ለማገናኘት በእውነት ታስቦ የተሠራ ነገር የለም ማለት ግን አይቻልም። ጉድኝት አለ። ተቀራራቢ የሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአንድ ማዕከል ዙሪያ ይሰባሰባሉ። መምህራኑ ይገናኛሉ፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፣ መርጃ መሣሪያ ከካርቶንና ከቆርኪ አብረው ይሠራሉ። ስክሪን የለውም፣ ሪባን ተቆርጦ አልተመረቀም። በጀት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ብዙ ቦታ ጉድኝቱ ሪፖርት መሙያ እና ስብሰባ መጥሪያ ሆኖ ቀርቷል። ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነበር። ከዋሸራና ከቤተ ልሔም ሐሳብ ጋር የሚዛመደው እሱ ብቻ ነው።

▪️ ስልክ ያዥ

የምኖርበት የልደታ ሰፈር ጠመንጃ ያዥ ይባላል። አዲስ አበባ ሰፈሮቿን በሠራተኛ፣ በዘበኛ፣ በጠመንጃ ያዥ የሰየመች ከተማ ናት። ዛሬ እዚህ ሰው ሁሉ የያዘው ስልክ ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ማታ ማታ የሚሠሩትን ነግረውኝ ነበር። ከተለያየ ክልል የመጡ መምህራን ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ናቸው። አንዱ "አሲድና ቤዝ ላስተምር ነው፣ ትምህርት ቤታችን ጠቋሚ ኬሚካል የለውም" ብሎ ይጽፋል። ሌላው ከሌላ ከተማ "ከርከዴ አፍላ" ብሎ ይመልሳል። "ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ይቀላል፣ የአመድ ውኃ ስታደርግበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።" በማግሥቱ ጎረቤቴ ከርከዴ ገዝተው ክፍል ገቡ። ለዚህ ነገር ፕሮጀክት አልተቀረጸም፣ ሳተላይትም አልተከራየም። አንድ መምህር ጠየቀ፣ አንድ መምህር መለሰ።

ይህ ነገር በስፋት የጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መንግሥት እንደ ልማዱ ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሮጠ። የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ በቴሌግራምም ትምህርት ይለቅ ነበር። ስልክም ኔትወርክም የሌለው የገጠር ልጅ ከሁሉም ውጭ ቀረ። ሆኖም መምህራኑ በዚያው ስልክ እርስ በርሳቸው ተገናኙ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ታትሞ እስኪደርስ ብዙ ክፍሎች የሰነበቱት መምህራን በተቀባበሉት ፒዲኤፍ ነው።

ጎጂ ጎኑንም አልደብቅም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ የተሠራጨው በዚሁ ስልክ ነው፤ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠት ነበረበት። ዛሬም ከትክክለኛው ማስታወሻ ጎን የተሳሳተ መልስ ይሸጣል። ዳታ በነፃ አይመጣም፣ ከመምህሩ ደመወዝ ላይ ነው የሚቆረጠው።

የመንግሥት መልስ ግን ምን ነበር? መቁረጥ። ፈተና ሲመጣ ኢንተርኔት ይጠፋል፤ 2008፣ 2009፣ 2011 ዓ.ም.። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ገና ዝግ እያሉ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ከስልክም ከኢንተርኔትም ተነጠለች። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያው ለአምስት ወር ያህል በመላ አገሪቱ ተገደበ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት መተግበሪያ ማለት ነው። ገደቡ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋበት፣ ለአንድ ዓመት ገደማም ተዘግቶ ቆየ። ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ በሆኑበት ክልል፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት መምህር ከባልደረባው ጋር የሚማከርበት ክር አብሮ ተበጠሰ።

ለየአንዳንዱ መዘጋት የጸጥታ ምክንያት ተሰጥቶታል። አንዱንም ግን "መምህራንስ በምን ይገናኙ?" ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

▪️ እንግዲህ ምን ይሁን?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ሆነ። መምህራን ባለመገናኘታቸው ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነት፣ ረኃብ እና ባዶ ቤተ መጻሕፍት አሉበት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የምንሰማው መፍትሔ ደጋግሞ ወደ መሣሪያ ይወስደናል። ታብሌት፣ ስማርት ክፍል፣ የኦንላይን ፈተና፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት።

መሣሪያ ይምጣ። እኔ የምለው መስመሩ ይዞር ነው። ሦስት ነገር በቂ ነው።

አንደኛ፣ ጊዜ። መምህራን በሳምንት የተወሰነ ሰዓት፣ በሥራ ሰዓታቸው፣ የአንድ ትምህርት ዓይነት መምህር ከሌላ ትምህርት ቤት መምህር ጋር በአካልም በስልክም የሚማከርበት ይመደብላቸው። ጎረቤቴ ይህን የሚሠሩት ከእራት በኋላ በራሳቸው ዳታ ነው።

ሁለተኛ፣ መስመሩ አይቆረጥ። ውኃና መብራት ለትምህርት ቤት መሠረተ ልማት ከሆኑ የመምህራን ግንኙነትም መሠረተ ልማት ነው። ፈተና የሚጠበቀው በፈተና አሰጣጥ ነው። አገርን በማጨለም አይጠበቅም።

ሦስተኛ፣ የሚወርደው ነገር ሁሉ መመለሻ ይኑረው። ሚኒስቴሩ የሚያዘጋጀው መጽሐፍ፣ ቪዲዮ እና መመሪያ ላይ "ይህ አልሠራም፣ እኔ እንዲህ አስተማርኩት" የሚል መምህር የሚሰማበት ቦታ ይኑር። የተሰማውም ነገር በሚቀጥለው እትም ላይ ይታይ።

ከሦስቱ ውስጥ አንዱም የውጭ ብድር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከየካቲት 1966 ጀምሮ ያልተሰጠ ነገር ነው፤ መምህሩን ማመን። መምህር ሲገናኝ ሁልጊዜ ሥራ ማቆም አይደለም የሚያወራው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ከርከዴ ነው።

መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎች፣ በየወረዳችሁ ጉድኝት ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ብትጽፉልኝ በሚቀጥለው ጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።

ከጠመንጃ ያዥ፣ ልደታ